ለፊልምሽ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ሰዎች እነማን ናቸው?

ጥያቄው የደረሰኝ የመጀመሪያ ሥራዋን ካጠናቀቀች ወጣት ፕሮዲዩሰር ነው። አሳጥሬ እንዲህ አቀርበዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ፊልሜን ጨርሻለሁ። ከቤይሩት የተመለሰች እናት በአያቷ እጅ ያደገች ልጇን ከዓመታት በኋላ እንደ እንግዳ ስትተዋወቅ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ለማስታወቂያ የቀረኝ ሦስት መቶ ሺህ ብር ብቻ ነው። ባለ ሲኒማ ቤቱ ‹ቀይ ምንጣፍ ያለበት ትልቅ ምርቃት አዘጋጂ› ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ብዙ ተከታይ ላለው የቲክቶክ ሰው ከፍለሽ ትሬለሩን ይልቀቅልሽ› ይሉኛል። ከአዲስ አበባ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወገኖቻችን ማሳየት አስቤአለሁ። ሆሊውድ ለማስታወቂያ የሚያወጣውን ሳነብ ግን ተስፋ እቆርጣለሁ። ይህችን ገንዘብ የት ላውላት?»

መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽና ምክንያቱን አስከትላለሁ። ለምርቃቱም ለቲክቶኩም አሁን አትክፈዪ። ገንዘቡን ለሁለት ግመሺው። እኩሌታውን ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት አውጪ፤ እኩሌታውን ከመጀመሪያው እሑድ በኋላ ለማውጣት ያዢ። የፊተኛው እኩሌታ ታሪኩን የራሳቸው አድርገው የሚያዩ ሁለት መቶ ያህል ሰዎችን ፈልጎ ለማግኘትና ፊልሙን ከማንም አስቀድሞ ለእነሱ ለማሳየት ይዋል። የኋለኛው የት እንደሚወጣ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው።

ስለ ሆሊውድ ካነሳሽ እንጀምርበት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2023 ለተከፈተው «ባርቢ» ማምረቻው 145 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ማስታወቂያው ደግሞ 150 ሚሊዮን ገደማ እንደፈጀ ተዘግቧል። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ ሮዝ ቢልቦርድ ነበር፤ የተጻፈበት ቀኑ ብቻ ነው፤ የፊልሙ ስም እንኳ አልነበረበትም። አላፊ አግዳሚው ቀለሙን አይቶ ያውቀው ነበር። ይህን ማድረግ የሚችለው ስሙን ዓለም ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አሻንጉሊት ብቻ ነው።

ይህ የወጪ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ትልልቅ የአሜሪካ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ትልልቅ ከተሞች፣ በተመረጡ ሲኒማ ቤቶች ይከፈቱና ወሬያቸው እየቀደማቸው ቀስ በቀስ ወደ ሌላው አገር ይወርዱ ነበር። ዩኒቨርሳል የተባለው ስቱዲዮ ስለ ሻርክ የሚያወራውን «ጆውስ» እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1975 ሲከፍት በአሜሪካ ብቻ በ409 ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን አስጀመረው። ከመክፈቻው በፊት በነበሩት ምሽቶች ብሔራዊ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን በሠላሳ ሰከንድ ማስታወቂያዎች አጥለቀለቃቸው፤ ለዚህም ሰባት መቶ ሺህ ዶላር ያህል አውጥቷል። ላይ የምትዋኝ ሴት፣ ታች አፉን የከፈተ ሻርክ የሚታይበት ፖስተር ደግሞ መጀመሪያ ለመጽሐፉ ሽፋን የተሣለ ነበር። ፊልሙ ተሳካለት፤ ስቱዲዮዎቹም ከዚያ ወዲህ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ መሸጥን ለመዱ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል፣ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ፊልሙ ደካማ ቢሆን እንኳ ወሬው ሳይዳረስ ገንዘቡ ተሰብስቦ ያድራል።

ይህ አሠራር እንዲያዋጣ በዚያው ምሽት በሺህ የሚቆጠሩ አዳራሾች በራቸውን ከፍተው መጠበቅ አለባቸው። አንቺ ስንት አዳራሽ አለሽ? ሁለት ካገኘሽ፣ ሦስት ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ። ዓርብ ማታ አንድ ሚሊዮን ሰው ስለ ፊልምሽ ቢሰማ ቅዳሜ የምታስቀምጪበት ወንበር ከሺህ ብዙም አያልፍም። የቀረው ሰው ሰምቶ ይረሳል። ለብዙኃን የሚነገር ማስታወቂያ በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ ውልሽን ይዘሽ በራስሽ ቁጥር ተኪያቸው። ትኬቱ 200 ብር ነው እንበል፤ ሲኒማ ቤቱ ግማሹን ከወሰደ ለአንቺ 100 ብር ይቀርሻል፤ ግብሩን ለጊዜው እንተወው። ለቲክቶኩ ሰው 100,000 ብር ብትከፍዪ፣ ገንዘቡን ለመመለስ ብቻ አንድ ሺህ ሰው ትኬት መቁረጥ አለበት። ያውም ያለ እሱ የማይመጡ አንድ ሺህ ሰዎች። የሰውየው ተከታዮች ስንቶቹ አዲስ አበባ ይኖራሉ? ከእነዚያስ ስንቶቹ ስለ እናትና ልጅ ዝምታ የሚያወራ ፊልም ለማየት ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍረው ይመጣሉ? ተመልካች ከመቁጠርሽ በፊት ይህን ጠይቂ።

ምርቃቱ ከዚህም የባሰ ነው። በኛ አገር የፊልም ምርቃት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ቀይ ምንጣፉ፣ የስፖንሰሮቹ ስም የተደረደረበት መቆሚያ፣ የክብር እንግዳው ንግግር፣ ከዚያም ዘግይቶ የሚጀምር ፊልም። የሚጋበዙት ተዋናዮች፣ የሙያ ጓደኞች፣ ጋዜጠኞችና ዘመድ ናቸው። አዳራሹ ሞልቶ ይታያል፤ ግን አንድም ትኬት አልተሸጠም፤ ሊገዙልሽ ይችሉ የነበሩትም በነጻ አይተው ጨርሰዋል። በማግስቱ የሚሰራጨው ፎቶ ስለ ቀሚስ እንጂ ስለ ፊልሙ አያወራም። ባለ ሲኒማ ቤቱ ምርቃት የሚወደው አዳራሹን ስለሚያስከራይበትና ስሙ ስለሚነሳለት ነው፤ አይፈረድበትም። ለጋዜጠኞች ማሳየት ካስፈለገሽ ከቀትር በፊት፣ በሻይና በውኃ፣ ያለ ምንጣፍ አሳያቸው።

ታዲያ ሁለት መቶዎቹ እነማን ናቸው? የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ተመልካቹን በአራት ይከፍሉታል፤ ከሃያ አምስት ዓመት በታችና በላይ የሆኑ ወንዶችና ሴቶች። አራቱንም የሚስብ ፊልም ሲያገኙ ካዝናቸውን ይከፍታሉ። ያንቺ ፊልም አራቱንም አይስብም፤ እንዲስብም አያስፈልግም። ያንቺ ሰዎች ከሊባኖስ፣ ከሳዑዲ፣ ከኩዌት፣ ከኤምሬትስ የተመለሱ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶችና እህቶች አሉ። ከእነዚያም ቀጥሎ እናታቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያውቁ፣ አሁን ወጣት የሆኑ ልጆች። በእኔ ግምት በጣም የምታለቅሰው አያቲቱ ናት፤ ትኬት የምታስቆርጠውም እሷ ናት፤ ብቻዋን ሲኒማ ቤት አትሄድምና።

እነዚህ ሰዎች ቢልቦርድ ሥር አይገኙም። በዕቁብ፣ በሰንበቴ፣ በጀመዓ፣ በጸጉር ቤት፣ ከስደት ተመላሾች ሙያ በሚሠለጥኑባቸው ማዕከላት ይገኛሉ። ለማግኘት የሚወጣው ወጪ የትራንስፖርትና የአንድ ጎበዝ አስተባባሪ ደመወዝ ነው። አስተባባሪዋ ራሷ ተመላሽ ብትሆን ይመረጣል፤ አንቺ ሁለት ሳምንት የምትለምኚበትን በር እሷ በአንድ ስልክ ታስከፍተዋለች።

ሁለት መቶውን ሰብስበሽ ከመክፈቻው ሦስት ሳምንት አስቀድመሽ በነጻ አሳያቸው። ይህን ሆሊውድም ያደርገዋል፤ እንግዳ ሰዎችን ሰብስቦ ያሳይና ወረቀት ያስሞላቸዋል። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ «ፌታል አትራክሽን» የመጀመሪያ መጨረሻውን እንዲህ ያሉ ተመልካቾች ስላልወደዱት እንደገና ተቀርጾ ተቀይሯል። አንቺ መጨረሻሽን ቀይሪ አላልኩም፤ እንዲያውም አትቀይሪው። የምትፈልጊው ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ «ፊልሙን ወደዱት?» ብለሽ አትጠይቂ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «ስለዚህ ፊልም ለማን ይነግራሉ?» እና «ምን ብለው ይነግሩታል?»

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የማስታወቂያሽ ጽሑፍ ነው። በእጅ ጽሑፍ ከሚደርሱሽ መልሶች መሐል አንድ ሐሳብ ሠላሳ ጊዜ ተደጋግሞ ታያለሽ፤ አንቺ ፈጽሞ ያላሰብሽው ሊሆን ይችላል። አንቺ ስለ ስደት የሠራሽ ይመስልሻል፤ እነሱ «ልጄ አንቱ ያለችኝን ቀን አስታወሰኝ» ብለው ይጽፉልሻል። ይህች ዓረፍተ ነገር በሬዲዮ ብትነበብ ከማንኛውም የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ ትበልጣለች።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ወረቀቱ ሲሞላ አንቺ በር ላይ አትቁሚ። የኛ ሰው ፊት ለፊት «ደካማ ነው» አይልሽም፤ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ብሎ ጉንጭሽን ስሞሽ ይሄዳል። ስም አይጻፍ፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉት አስተባባሪዋ ጽፋ ትቀበል። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ፊልም በተከፈተበት ምሽት ተመልካቾችን በካርድ እያስሞላ ለፊልሞች የትምህርት ቤት ዓይነት ውጤት ይሰጣል። ስቱዲዮዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ስንት ሰው እንደሚመጣ ከዚያ ይገምታሉ። ካርዱን ለማሳተም አንቺ ስቱዲዮ መሆን አይጠበቅብሽም።

ለእያንዳንዱ ተጋባዥ ሲወጣ ሁለት የቅናሽ ወረቀት ስጪው፤ ቀለማቸው ምክንያት አለው። ለጸጉር ቤቶች ቢጫ፣ ለሥልጠና ማዕከላት አረንጓዴ፣ ለዕቁቦች ነጭ። ትኬት ቆራጩ የተቀበለውን እንዲያስቀምጥልሽ ተስማሚ። በመጀመሪያው እሑድ ማታ ወረቀቶቹን ስትቆጥሪ ሰው ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ፤ የያዝሽውን 150,000 ብር ወደዚያ ታዞሪዋለሽ። ገንዘቡን ሁሉ አስቀድሞ ያወጣ ፕሮዲዩሰር ይህን ሲያውቅ ኪሱ ባዶ ነው።

ከሲኒማ ቤቱ ጋር ስትደራደሪ ደግሞ ከድርሻው መቶኛ ይልቅ በሰዓቱ ላይ ጠንክሪ። በወሬ የሚያድግ ፊልም ሁለተኛ ሳምንት ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ጥሩው ሰዓት ለሌላ ፊልም ከተሰጠብሽ ወሬው ሲደርስ ፊልሙ የለም። ሁለት ሳምንት፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በጽሑፍ።

ስለ ፖስተር ረጅም ጊዜ ስጨቃጨቅ ኖሬአለሁና ትዕግሥት ስጪኝ። የኛ ፖስተሮች አስራ ሁለት ተዋናይ በሦስት መደዳ፣ አንዱ እያለቀሰ፣ አንዱ ሽጉጥ ይዞ፣ አንዱ እየሳቀ የሚታይበት የቤተሰብ ፎቶ አልበም ይመስላሉ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማንም ተዋናይ ፊት እንዳይቀር ነው፤ ያልታየው ይቀየማል። መንገደኛው ግን ከታክሲ መስኮት ለሦስት ሰከንድ ያየዋል፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያነበው። ያንቺ ፊልም ያ አንድ ነገር አለው፤ ልጅቷ ከአያቷ ነጠላ ጀርባ ተደብቃ እናቷን የምታይበት ዓይን። ዓይኗ፣ ነጠላው፣ ርዕሱ፣ ቀኑ፤ ሌላውን ስም ሁሉ ከታች በትንሹ። ተቀያሚውን ተዋናይ እኔ አነጋግረዋለሁ።

ትሬለሩም እንዲሁ። የብዙዎቹ ትሬለሮቻችን ችግር ማጠራቸው ወይም መርዘማቸው አይደለም፤ ታሪኩን ጨርሰው መንገራቸው ነው። ማን እንደከዳ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ማንን እንዳገባ በሁለት ደቂቃ አይተን ትኬት የምንገዛው ምን ቀርቶን ነው? ኤርፖርቱን አሳዪ፤ እናትየዋ እጇን ስትዘረጋ፣ ልጅቷ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ፤ እዚያው ላይ ቁረጪው። ለስልክ የሚሆን ቁመታም ቅጂ ይኑርሽ፤ ንግግሩም በጽሑፍ ከታች ይውጣ፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነው።

ብልሃት የሚባለውን ነገር ሰዎች ይመክሩሻል። አንዳንዱ ያስቃል። ዊልያም ካስል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ለአስፈሪ ፊልሙ ተመልካች ሁሉ፣ በድንጋጤ ቢሞት ቤተሰቡ አንድ ሺህ ዶላር የሚያገኝበት የሕይወት መድን ገዝቶ ነበር። ይህ ማንንም አይጎዳም። ሌላው ብልሃት ግን ውሸት ነው፤ ለአንቺ የሚመጣውም ይኸው ይመስለኛል፦ «እውነተኛ ታሪክ ነው በዪ።» እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የተባለ አስፈሪ ፊልም፣ የታሪኩ ሦስት ወጣቶች በእርግጥ ጫካ ውስጥ እንደጠፉ አድርጎ ነበር የተሸጠው፤ ድረ ገጹ የፖሊስ መረጃ የሚመስል ነገር ይዞ ነበር፣ «ጠፍተዋል» የሚል ወረቀትም ይታደል ነበር። ቀረጻው በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር ያለቀ ፊልም በዓለም ዙሪያ 248 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። ከተዋናዮቹ የአንዷ እናት የሐዘን መግለጫ ካርድ ይላክላት ነበር፤ ተዋናዮቹም ከድርሻቸው አነስተኛነት ጋር ይህን ቅሬታ ለዓመታት አንስተዋል። በኛ ከተማ እንዲህ ያለ ውሸት አንድ ሳምንት አያድርም፤ ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው ዘመድ ነው። በዚያ ላይ እውነተኛ ታሪካቸውን ይዘው አዳራሽ ለሚገቡ ሴቶች የውሸት እውነተኛ ታሪክ መሸጥ ነውር ነው።

ታሪኩ በእርግጥ ከአንዲት ሴት ሕይወት የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ፖስተር ከማሳተምሽ በፊት ፈቃዷን በጽሑፍ ያዢ። «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቶ፣ የአንጀሊና ጆሊን ስም በፕሮዲዩሰርነት ይዞ ነበር አዲስ አበባ የመጣው። የመክፈቻው ምሽት እንግዳው ተቀምጦ ሳለ፣ ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ባስወጣችው የፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ። ያ ሁሉ ማስታወቂያ፣ ያ ሁሉ ስም በአንድ ወረቀት ቆመ።

ከዚሁ ጋር፣ የፌስቲቫል ሽልማት ትኬት ይሸጣል ብለሽ አትጠብቂ። «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ ትልቅ ክብር ነው፤ ለውጭ አከፋፋዮችም በር ይከፍታል። ግን ፖስተር ላይ የሚሣለው የዘንባባ ቅጠል መርካቶ ውስጥ ለምትሠራ ሴት ምንም አይነግራትም። ፌስቲቫሎቹን ለሌላ ዓላማ፣ በሌላ በጀት ሞክሪያቸው።

ዋሽንግተንን በተመለከተ ትምህርት ቤትሽ እዚያው አለ። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር አቀረበው። ስለ ባርነትና ስለ አመፅ የሚናገር፣ በጋና፣ በጃማይካና በአሜሪካ የተቀረጸ ፊልም ነው። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ሌላ መንገድ መረጡ። ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራዩ፤ ለጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ በቀጥታ፣ በማኅበራቱ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በተማሪዎቹና በሬዲዮ ጣቢያዎቹ በኩል ጥሪ አደረጉ። ሰው ተሰለፈ፤ ፊልሙ ለሳምንታት ቆየ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ በየደረሱበትም ፊልሙን እንደ ራሳቸው ጉዳይ ይዘው የሚያስተባብሩ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር ኃይሌ «የአሜሪካ ተመልካች» የሚባል ነገር አለመፈለጉ ነው። ተመልካቹን ፊልሙን ሲጽፍ ያውቀው ነበር፤ አከፋፋዮቹ ያላዩት ገበያ እሱ ያስተምርበት ከነበረው ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነበር። ዛሬም ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሬይ ፊልሙን አሳድሶ በኔትፍሊክስ አወጣው፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሂሳብ የተሸጠ ፊልም እንዲህ አይቆይም።

አዳራሽ መከራየት ሁለት ገጽ አለው። በኪራይ ስትወስጂው የትኬቱ ገቢ በሙሉ ያንቺ ነው፤ ኪሳራውም በሙሉ ያንቺ ነው። በድርሻ ስትሠሪ ግማሹን ትሰጫለሽ፤ ባዶ አዳራሽ ግን አያከስርሽም። የኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ የኪራዩን ዋጋ የሚሸፍን ትኬት አስቀድሞ ካልተሸጠ አትከራዪ። ይህን ለማወቅ መንገድ አለ። በ15,000 ዶላር የተሠራው «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ በአስራ ሦስት የኮሌጅ ከተሞች ብቻ ተከፈተ፤ ከዚያ ስቱዲዮው ሕዝቡን «ፊልሙ ከተማችሁ እንዲመጣ ጠይቁ» አለ፤ ጥያቄው ሚሊዮን ሲሞላ በአገሪቱ ሁሉ አወጣው። አንቺም ወገኖቻችን ለሚበዙባቸው የአሜሪካ ከተሞች፣ ለሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለአሌክሳንድሪያ፣ ለአትላንታ፣ ለዳላስ እንዲሁ ጠይቂ። ግን «እንመጣለን» የሚል ቃል ብቻ አትቀበዪ፤ ትኬቱን አስቀድመው ይግዙ። ሐበሻ «እንመጣለን» ሲል ከልቡ ነው፤ ቅዳሜ ሲደርስ ሰርግም ለቅሶም ክርስትናም ይኖርበታል።

እዚያ የሚሠራው ቀን ብዙውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ሌሊት ስለሚሠራ የምሽት ትርኢት አይመቸውም። የመኪና ማቆሚያ ያለው አዳራሽ ምረጪ። የእንግሊዝኛ ትርጉም ከታች ይውጣ፤ አሜሪካ የተወለደው ልጅ እናቱን ተከትሎ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ስለ እናትና ልጅ መራራቅ ለተሠራ ፊልም ደግሞ እነዚያ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ከመቀመጣቸው የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም።

የአዲስ አበባውን ቀን ስትመርጪ የዐቢይ ጾምን ሳምንታት ዝለያቸው፤ በተለይ ሕማማትን። ረመዳንንም እንዲሁ፤ ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ብዙ ሴቶች ሙስሊሞች ናቸው፤ ማታ ቤታቸው ነው የሚፈልጋቸው። ከፋሲካ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ ያሉት ሳምንታት መልካም ናቸው። ሰዓቱን በተመለከተ ባለ ሲኒማ ቤቶች የምሽቱን ትርኢት ያስከብራሉ፤ ያንቺ ተመልካች ግን ከመሸ ታክሲ የምትፈራ እናት ናት። ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጠይቂ። ወንዶቹ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ሲሄዱ ሲኒማ ቤቱ ሰዓቱን በርካሽ ይሰጥሻል፤ አንቺ ደግሞ ወንዶቹን ብዙም አትፈልጊያቸውም።

ድምፅ ማጉያ ጭና በየሰፈሩ የምትዞር መኪና ናፍቆኛል፤ በሞንታርቦ የተዋወቁ ፊልሞች ሕዝብ ሲያጎርፉ አይቻለሁ። ያኔ ግን ማስታወቂያው የሚዞርበት ሰፈርና ሲኒማ ቤቱ አንድ ላይ ነበሩ። አሁን ለመኪናዋም፣ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በኮሪደር ልማት የታደሰ አጥር ላይ ፖስተር ለጥፈሽ ከተገኘሽ ቅጣቱ ከማስታወቂያው ይበልጣል። ፖስተሩን ጸጉር ቤት ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጎን ስቀዪው። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ የምታየው ደንበኛ አለች።

ወደ ቲክቶክ የምንመለሰው አሁን ነው። ስለ ዐረብ አገር ኑሮ፣ ስለ መመለስ፣ ስለ ልጆቻቸው ራሳቸው የሚያወሩ ሴቶች አሉ፤ ተከታያቸው ከታዋቂዎቹ ያንሳል፤ ግን የሚከተሏቸው ያንቺ ሰዎች ናቸው። ከሁለት መቶዎቹ ጋር ጋብዢያቸው። የሚናገሩትን አትጻፊላቸው፤ ፊልሙን ካልወደዱትም ዝም እንዲሉ አትጠይቂ። ከከፈልሽ ደግሞ መከፈላቸውን ይናገሩ።

የቀረው ዛሬም ቤይሩት፣ ሪያድና ዱባይ ያሉት ሴቶች ናቸው። ሲኒማ ቤት አይመጡም፤ በእረፍት ቀናቸው ወይም ሌሊት በስልክ ነው የሚያዩት። ለእነሱ ፊልሙን በኢንተርኔት የምትለቂበትን ቀን ገና ከመክፈቻው ሳምንት ጀምሮ አስታውቂ፤ ከአዲስ አበባው መክፈቻ ከሁለት ወር በላይም አታቆዪው። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ መጫኑ አይቀርም፤ ሕጋዊው ቅጂ የሚመጣበት ቀን ከታወቀና ቅርብ ከሆነ የሚጠብቅሽ ሰው ይበዛል። በዚህ መሐል የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊገዛሽ ቢመጣ የቴሌቪዥን መብቱን ብቻ ሽጪለት፤ የኢንተርኔት መብቱን በዚያው ውል ውስጥ አጠቃልሎ «ለዘላለም» የሚል ቃል ካገኘሽበት ሰርዢና መልሺለት።